የቲቸር አሪየት በረዶ

ቲቸር አሪየት እንደሄደች የነገረኝ ሰው የለም፤ ሰሌዳው ነው የነገረኝ። ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሰኞ፣ ዩኒፎርሜ ገና ሳይጨማደድ፣ በቀጥታ የሄድኩት በረንዳው ግድግዳ ላይ ወዳለው አሮጌ ጥቁር ሰሌዳ ነበር። በየመስከረሙ እዚያ ላይ በረዶ ይሳላል፤ የሰሜን ዋልታ በረዶ፣ ባሕር ላይ የሚንሳፈፈው። ያን ዕለት ግን የሰሌዳውን ግማሽ ሞልቶ የጠበቀኝ «መምህር ሰለሞን፣ ጂኦግራፊ» የሚል ጽሑፍ ነው። ጽሕፈቱ ያምራል። ማማሩ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

የግቢው ጥበቃ ጋሽ ታደሰ ፊቴን አይተው ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ባለቤቷ ዲማ ጤና ጣቢያ ተመድቦ እሷም ተዛውራ ተከትላው ሄዳለች። ዲማ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ወርቅ ነው፤ ከደጋ አካፋውን ተሸክሞ የሚወርደው ሁሉ የሚሄደው ለዚያ ነው። እኔ ግን ያሰብኩት የዲማን ተማሪዎች ነው። ምን ስለሠሩ ነው እሷን ያገኙት? ወርቁም የእነሱ፣ ቲቸር አሪየትም የእነሱ። እዚያው በረንዳው ላይ እንደቆምኩ፣ አንድም ቀን አይቻቸው በማላውቃቸው ልጆች ቀናሁ።

ቅናት ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም። ስለ ቲቸር አሪየት ልጻፍ ካልኩ ስለ ቅናት ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም፤ ሁለቱን የተዋወቅኋቸው በአንድ ሳምንት ነው።

ይህን ጽሑፍ መጀመሪያ «እሳቸው» እያልኩ ነበር የጀመርኩት። እናቴም መምህር በእሷና በአንቺ አይጠራም ባይ ናት። ነገር ግን ዘጠነኛ ክፍል እንደገባን ቲቸር አሪየትን «እርስዎ» ብላት ዞር ብላ ከኋላዋ ተመለከተች።

«ከእኔ ጋር ሌላ ሰው ገባ እንዴ?» አለች።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ወዲህ አንቺ ሆነች። ስለዚህ እዚህም እሷ ትሁን፤ እናቴ ይቅር ትበለኝ።

ቲቸር አሪየት በጣም ረጅም ናት። በክፍላችን በር ስትገባ አንገቷን ሰበር ታደርጋለች፤ አዲስ ተማሪ ሰላምታ እየሰጠችው ይመስለውና ብድግ ይላል። ቾኳን ሹሩባዋ ውስጥ ትሰካና ትረሳዋለች። ከዚያ ጠረጴዛውን፣ መስኮቱን፣ ኪሷን ትፈትሻለች፤ እኛ ደግሞ ዝም ብለን እናያታለን። ሲሰለቸን አንዳችን ጭንቅላታችንን እናካለን፣ ያኔ ይገባታል። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ጋምቤላ፣ ባሮ ዳር ነው። እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች። አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው፤ የእኔ ደግሞ የእናቴ ቋንቋ ነው። ሆኖም እኔ አንድ ገጽ ሙሉ የምዘበዝበውን እሷ በአራት ቃል ትጨርሰዋለች። በዚህም እቀና ነበር።

ትክክል የመለሰን ተማሪ «በጣም ጥሩ» ብላ አታመሰግንም። በሁለት ጣቷ ጠረጴዛውን ቶክ ቶክ አድርጋ ታልፋለች፤ በቃ። የእኔን ጠረጴዛ የመታችባቸውን ቀናት በደንብ አስታውሳለሁ። የሌሎችን የመታችባቸውንም አስታውሳለሁ፤ እንዲያውም እነዚያ ይበልጥ ትዝ ይሉኛል።

አሁን ወደ በረዶው ልመለስ። ሰሜን ዋልታ ላይ ያለው ባሕር በእነሱ ክረምት ይረጋል፣ በእነሱ በጋ ከዳር ዳር ይቀልጣል። በጣም የሚያንሰው በመስከረም ነው። ባሮ ደግሞ ቡናማ ሆኖ ዛፍ እየነቀለ የሚወርደው በዚያው ሰሞን ነው።

«ባሮ በጣም ትልቅ ሲሆን በረዶው በጣም ትንሽ ነው» አለችን። ወዲያው ደግሞ ጣቷን አነሳች። «አንዱ ሌላውን አደረገ አላልኩም። ወሩን እንዳትረሱ ብዬ ነው።»

በረንዳው ላይ ያለው ሰሌዳ ድሮ የማስታወቂያ ነበር። እሷ መሃሉ ላይ ትልቅ ክብ ሠርታ፣ ዙሪያውን ግሪንላንድን፣ ካናዳን፣ አላስካንና ሳይቤሪያን በነጭ የዘይት ቀለም ስላበታለች። እነሱ አይጠፉም። የበረዶው ዳርቻ ግን በየመስከረሙ በቾክ ይሳላል፤ ከሳተላይት ተነስቶ ስልኳ ላይ የሚደርሳትን ምስል እያየን። የዓመቱ ቾክ ከመጥፋቱ በፊት ዳርቻው በቀይ የጥፍር ቀለም ይነጠብጥበታል። ቲቸር አሪየት ጥፍሯን ተቀብታ ያየናት ቀን የለም፤ ቀለም የምትገዛው ለበረዶው ብቻ ነበር። እኔ ትምህርት ቤቱ ስገባ ሰሌዳው ኩፍኝ የያዘው ይመስል በቀይ ነጠብጣብ ተሞልቶ ነበር። በጣም ወደ ውጪ ያለው ነጠብጣብ እኛ ሳንወለድ የነበረው በረዶ ነው፤ ከቆየ ምስል አይታ ራሷ ነች ያስቀመጠችው። የቅርቦቹ ሁሉ ከእሱ በጣም ወደ ውስጥ ገብተዋል።

ኦባንግ የሚባል የክፍላችን ልጅ አለ፤ አስተማሪ ማፋጠጥ ይወዳል። አንድ ቀን ሰሌዳውን ተጠግቶ ሲመረምር ቆየና፣ የአንዱ ዓመት ነጠብጣብ ከቀደመው ዓመት ወጣ ብሎ አገኘው። «ቲቸር፣ ይኸው ሰፍቷል። ድኗል ማለት ነው» አላት። ቲቸር አሪየት ወደ እኔ ዞረች።

«ቤቲ፣ እናትሽ ነርስ ናት። ብዙ ቀን ትኩሳት የያዘው ሰው አንድ ጠዋት ቢቀለው፣ ከአልጋ ታስነሳዋለች?»

«አታስነሳውም» አልኩ።

ጠረጴዛ ስላልነበረ በረንዳው ግድግዳ ላይ፣ ከጭንቅላቴ አጠገብ፣ ቶክ ቶክ አደረገች። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም፤ ጠግቤ ነበር።

እንግዲህ ዳርቻውን የምትስለው እሷ አይደለችም። «እኔ ከሳልኩት የቲቸር በረዶ ይሆናል» ትላለች። በየመስከረሙ አንድ ተማሪ ትመርጥና ቾኩን ትሰጠዋለች። ያ ልጅ ዓመቱን ሙሉ፣ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል፣ ትምህርት ቤቱ በሙሉ የእሱን እጅ ሥራ እያየ ይቆማል። ዘጠነኛ ክፍል በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ስሰማ፣ ያ ልጅ እኔ ነኝ ብዬ ደመደምኩ። ስዕል እችላለሁ። ጽሕፈቴ ያምራል። «ማን ይስላል?» ስትል እጄን ያወጣሁት ከወንበሬ ግማሽ ድረስ ተነስቼ ነው። ቲቸር አሪየት ግን በእጆቹ ሁሉ ላይ ዓይኗን አሳልፋ፣ እጇን ያላወጣችውን፣ ከኋላ የተቀመጠችውን ኛማልን ጠራች።

ኛማል ዝምተኛ ናት። አንድ ነገር ስትጠየቅ መጀመሪያ ታያለች፣ ቀጥላ ታያለች፣ ከዚያ ትመልሳለች፤ የአንዳንዱ ሰው ትዕግሥት እዚያ አይደርስም። ጽሕፈቷ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ያን ዕለት የምሳ ሰዓቱን በሙሉ ፈጀች። ስልኩን ታያለች፣ የአውራ ጣት ያህል ትስላለች፣ ትቆማለች፣ እንደገና ታያለች። ቲቸር አሪየት እጇን አጣጥፋ ከኋላዋ ቆማ ሳትናገር፣ ሳትንቀሳቀስ ታያታለች። እኔ ደግሞ ከማንጎው ዛፍ ሥር ሆኜ ሁለቱንም አያለሁ። እውነቱን ለመናገር በኛማል ብቻ አልነበረም የቀናሁት። በበረዶውም ቀናሁ። ያ የበረዶ ቁራጭ ማንም ሳይጠራው፣ እጁን ሳያወጣ፣ ቲቸር አሪየት በየዓመቱ ስንት ቀርቷል ብላ ትጨነቅለታለች። ለእኔ ማን ተጨንቆ ያውቃል እያልኩ ቤት ገባሁ። እናቴ ስትሰማኝ ቆይታ «አንቺ ልጅ በዚህ ሙቀት ጉንፋን ሊይዝሽ ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የሆነውን ግን ክፍላችን ውስጥ የሚረሳው ሰው አይኖርም። መጋቢት ጋምቤላ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብረት አይነካም፣ ቆርቆሮው ከላይ ይንጫጫል። ኦባንግ እጁን አውጥቶ፣ እዚያ ሩቅ አገር በረዶ ቢቀልጥ ለእኛ ምናችን ነው፣ እኛ እንደሆንን ቀድሞውኑ ቀልጠናል አለ። ሳቅን። ቲቸር አሪየትም ሳቀች። ከዚያ ጥያቄው ጥሩ ነው አለች። እዚሁ አጠገባችን ኢታንግ በኩል የገባውን ጎርፍ ወይም የዛሬን ሙቀት ያ በረዶ ነው ያመጣው ብሎ ቶሎ የሚነግራችሁን ሰው ተጠራጠሩት፤ እኔም አልላችሁም አለች። ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ በረዶ ስለሆነ ቢቀልጥ ባሕሩን ያን ያህል እንደማይሞላውም አስረዳችን፤ የሚሞላው የየብሱ በረዶ ነው።

«ታዲያ ምን ቸገረን?» አለ ኦባንግ።

«ተነሱ» አለች።

ከግቢ አወጣችን። ከትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት አስፋልቱ ላይ ዜብራ አለ፤ በዚያ ሰሞን እንደ አዲስ ተቀብቶ ጥርስ መስሎ ነበር። ሁለት ረጃጅም ልጆችን ከግራና ከቀኝ አቁማ መኪና አስቆመች። ሰዓቱ ቀትር ስለሆነ የሚያልፈው ባጃጅ ብቻ ነው። ጫማችሁን አውልቁ አለችን፤ የራሷንም አወለቀች።

«ቤቲ፣ ጥቁሩ ላይ። ኛማል፣ ነጩ ላይ።»

ይህን ፍርድ አስቡት። እኔ አስፋልቱ ላይ አንድ እግሬን ሳነሳ ሌላው ይቃጠላል፣ ያንን ሳነሳ ይህ ይቃጠላል። ኛማል ነጩ ቀለም ላይ ወንዝ ዳር እንደቆመ ወፍ ረጋ ብላ ቆማለች። ነጩም ይሞቃል፣ ግን ያስቆማል። አንድ ባለ ባጃጅ ጡሩንባውን እየነፋ፣ ቲቸር ሰው ይዘናል እኮ፣ መንገድ ነው ክፍል አይደለም አላት። ሁለት ደቂቃ፣ አንተም ና አለችው። ሰውየው ይሳደባል ስንል ጫማውን አውልቆ መጣ፤ ጥቁሩን ረግጦ «ኧረ እማዬ» እያለ ነጩ ላይ ዘለለ። ተሳፋሪዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ።

ቲቸር አሪየት ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ፀሐዩ አንድ ነው» አለች። «ነጩ ይመልሰዋል፣ ጥቁሩ ይውጠዋል። በረዶው ነጭ ነው። ከሥሩ ያለው ባሕር ጥቁር ነው። በረዶው ሲሄድ ጥቁሩ ይወጣል፣ ፀሐይ ይውጣል፣ ይሞቃል፣ አጠገቡ ያለውን ነጭ ደግሞ ይበላል። ምድር የቆመችበት ነጭ እያነሰ ነው።» ከዚያ ጠየቀችን። «ይህ ነጭ መስመር ቢጠፋ ኛማል የት ትቆማለች?»

«ጥቁሩ ላይ!» አልኩ። ከሁሉም ቀድሜ ነው ያልኩት፣ ድምፄም ከሚገባው በላይ ከፍ ብሎ ነበር።

ቲቸር አሪየት አየችኝ። «ደስ ብሎሻል» አለች።

ክፍሉ ሳቀ፤ የባጃጁ ሰውም ነገሩ ሳይገባው ሳቀ። ጆሮዬ ከእግሬ በላይ ጋለ። ኛማል ግን አልሳቀችም። ወደ ዳር ጠጋ ብላ ክንዴን ያዘችና «ነይ» አለችኝ። ነጩ መስመር ለሁለት ሰው ጠባብ ነው፤ ተጣብቀን ቆምን። በደግነቷም ቀናሁባት። እንዲህ ያለ ነገር መጀመሪያ ለምን ለእኔ አይመጣልኝም?

ከዚያ በኋላ የነበረውን ክረምት በሙሉ ለመስከረም ስዘጋጅ ከረምኩ። አስረኛ ክፍል ስገባ ቾኩ የእኔ መሆን ነበረበት። ኛማል የሳለችውን ዳርቻ ከሰሌዳው ላይ በወረቀት ገልብጬ ቤት ወሰድኩና በየቀኑ ሳልኩት። ወረቀት ሲያልቅ በእንጨት መሬት ላይ፣ በጣቴ አቧራ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ፣ እናቴ ገላሽን ታጠቢ ስትለኝ በሳሙና የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሳልኩት። መጨረሻ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ሁሉ እስለው ነበር። አቦቦ አጎቴ ዘንድ ስንሄድ እንኳ የበቆሎ ማሳቸው ጥግ ያን ቅርፅ ሠርቼ መጣሁ፤ አጎቴ የምን አገር ካርታ ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ አገር አይደለም ባሕር ነው ስለው እናቴን በዓይኑ ጠቀሳት።

መስከረም መጣ። ቲቸር አሪየት «ማን ይስላል?» አለች። ብዙ እጅ ወጣ። የእኔ ግን አልወጣም፤ የኛማልን ዘዴ ተምሬያለሁ፣ አንገቴን ደፍቼ ከኋላ ተቀምጫለሁ። የሠራም መሰለኝ። «ቤቲ» አለች።

ቾኩን ስቀበል እጄ ላይ የነበረው ላብ ነጭ ጭቃ አደረገው። ስልኳን ዘረጋችልኝ። ወስጄ ኪሴ ውስጥ ከተትኩትና ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። አንድ ጊዜ እንኳ አላየሁትም፤ ምን ያደርግልኛል? አንዴ ትንፋሼን ስቤ፣ ከግሪንላንድ ተነስቼ፣ እጄን ሳላነሳ ዙሪያውን አዙሬ ገጠምኩት። እንዴት እንደሚያምር ልነግራችሁ አልችልም። ልጆቹ አጨበጨቡ። ከሌላ ክፍል ሳይቀር መጥተው ያዩ ነበር። ዞሬ ቲቸር አሪየትን አየኋት፣ እጇን አጣጥፋ ከኋላዬ ቆማለች፤ ልክ ለኛማል እንደቆመችው።

እጇን ዘርግታ ስልኳን ተቀበለችኝ። ምስሉን ከፈተችና ከሰሌዳው ጎን ያዘችው። በዚያ ዓመት በሳይቤሪያ በኩል በረዶው ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ እኔ ነጭ ያደረግኩት ቦታ ምስሉ ላይ ጥቁር ውሃ ነው።

«በጣም ያምራል» አለች። «ግን ያምና ነው።»

ከዚያ ኛማልን ጠርታ፣ አርሚው አለቻት።

ኛማል የልብሷን እጅጌ ጫፍ ይዛ የእኔን መስመር ዝግ እያለች ስታጠፋው ማየት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ የቀና ሰው ብቻ ነው። እንደ ተናደደ ሰው ብታጠፋው ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ የምትጠይቅ ይመስል በቀስታ ነው ያጠፋችው።

ያን ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ቲቸር አሪየት ድልድዩ ጋ ደረሰችብኝ። ባሮ ከሥራችን እየጮኸ ይወርዳል፣ ዳር ላይ ሰዎች ልብስ ያጥባሉ። ጎን ለጎን ብዙ ሄድን። አታባብለኝም፣ አትቆጣኝም። ልታወራ ነው ብዬ ስጠብቅ የአንዱን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ቆማ ታያለች። በመጨረሻ «ቀንተሻል» አለችኝ።

«አልቀናሁም።»

«ቀንተሻል። ችግር የለም። እኔም እቀናለሁ። ብቻ ቅናትሽን በረዶው ላይ አትሳይው።»

በማን እንደምትቀና ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። አፌን ስከፍት የቤተ ክርስቲያኗ ልጆች ከወዲያ ማዶ ጠሯትና እየሳቀች ሄደች። እስከ ዛሬ አላወቅኩትም። ምናልባት በረዶውን በዓይኑ ባየ ሰው ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ምስሉን ስታይ፣ አንድ ቀን መርከብ ላይ ቆሜ ባየው ትል ነበር። እኔን ግን የገረመኝ ሌላ ነው። እሷን የሚያህል ሰው ይቀናል ማለት ነው። ያን ሌሊት በደስታ ተኛሁ።

እንግዲህ ዘንድሮ አስራ አንደኛ ክፍል ስገባ የጠበቀኝ ያ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ነው። መምህር ሰለሞን ክፉ ሰው አይደለም፤ ገና ከደጋ የመጣ፣ ቀን ሙሉ በእርጥብ መሐረብ ግንባሩን የሚያብስ ወጣት ነው። ቀዩን ነጠብጣብ ማን እንደነጠበጠበው ጠየቀን፤ በቤንዚን ሊያስለቅቀው አስቦ ነበር። ኛማልና እኔ በአንድ ላይ «አይሆንም» አልን። በአንድ ላይ አንድ ነገር ስንል የመጀመሪያችን ነው። አስረዳነው። ሰሌዳውን ተጠግቶ ነጠብጣቦቹን ከውጪ ወደ ውስጥ በጣቱ ተከተለ። ከዚያ ዳስተሩን አንስቶ ስሙን በገዛ እጁ አጠፋው። ዓርብ የምሳ ሰዓት የእናንተ ነው አለን።

ምስሉን በእናቴ ስልክ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ዘንድሮ መራጭ የለም፤ ምስሉ ያለው ልጅ ቾኩን ይይዛል፣ ይህን ለራሴ ወስኜ ጨርሻለሁ። ዓርብ ዕለት ቾኩን ይዤ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። አሁን ምስሉን አይቼ፣ ደግሜ አይቼ ነው የምስለው። ዳርቻው ካምናው ነጠብጣብ በአንድ በኩል ትንሽ ወጣ ብሏል፣ ከድሮዎቹ ግን አሁንም በጣም ሩቅ ነው። ልጀምር ስል ኛማል የወንድሟን ስልክ አውጥታ ደወለች።

«ለማን ነው?» አልኳት።

«ለቲቸር።»

«ቁጥሯን ከየት አመጣሽው?»

«ሰጠችኝ።»

«ለእኔ አልሰጠችኝም።»

«አንቺ አልጠየቅሽም» አለች ኛማል። ድምፁን ለሁላችን እንዲሰማ ከፈተችው።

ቲቸር አሪየት አነሳች። ከሰላምታው በኋላ መጀመሪያ ያለችው «ቤቲ አለች?» ነው። እንዲህ ነው ያለችው፣ ምስክር አለኝ። እኔ መልስ ለመስጠት ስጣደፍ እሷ ቀጠለች። ዲማ ላይ ክቡን ሠርታለች፣ አገሮቹን ቀብታለች፣ ተማሪዎቿን ሰብስባ ሰሌዳው ፊት አቁማለች። ነገር ግን ያለችበት ቦታ ኔትወርኩ ድምፅ ያመጣል እንጂ ምስል አያመጣም፤ ከጠዋት ጀምሮ ይዞራል ይዞራል፣ አይከፈትም።

«ሁሉ አለኝ» አለች። «በረዶው የለኝም። አንዳችሁ ንገሩኝ፣ እኔ ልሳል።»

እሷ ራሷ ቾክ ይዛ፣ በእኛ ቃል ልትስል ነው። ኛማል ወደ ምስሉ አየች፣ ደግማ አየች። «ቲቸር፣ ትንሽ ነው» አለች። ቆመች። ከዚያ ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው። «አንቺ ንገሪያት።»

በአንድ እጄ የእናቴ ስልክ አለ። በሌላው ቾኩ አለ። ሦስት መስከረም የተመኘሁት ቾክ ነው፤ ካሁን በኋላ የሚቀረኝ አንድ መስከረም ብቻ ነው። ማንም አላዘዘኝም። ቾኩን ለኛማል ሰጥቼ ስልኳን ተቀበልኩ።

«ከግሪንላንድ ራስ ጀምሪ» አልኩ። «ዳርቻውን ሳትለቂ ወደ ካናዳ ሂጂ።»

«ምን ያህል ተጠግቼ?»

«ደሴቶቹን እስኪነካ።»

በስልኩ ውስጥ ቾክ ሲጫር ሰማሁ። አጠገቤም የኛማል ቾክ ይጫራል። እኔ አንድ ነገር ስናገር ሁለት ቦታ ይሳላል፤ ስቆም ሁለቱም ይቆማሉ። አላስካ ስንደርስ ልቀቂው፣ እዚያ ውሃ ነው፣ ወደ መሃል ግቢ አልኳት። እንዴት ነው የሚገባው፣ ቀጥ ብሎ ነው ወይ አለችኝ። ምስሉን አየሁት።

«ቀጥ ብሎ አይደለም» አልኩ። «በበጋ ከድልድያችን በታች አሸዋው ወደ ባሮ እንዴት ነው የሚገባው? እንደዚያ። መጀመሪያ ዝግ ብሎ፣ ከዚያ ሳታስቢው።»

«አወቅኩት» አለች። ስትስቅም ሰማኋት። ከቾኩ ድምፅ ለረጅም ጊዜ እጇን እንዳላነሳች ገባኝ።

ያኔ ከኋላዋ የዲማ ልጆች ይንጫጩ ጀመር። አንዷ ልጅ ወደ ስልኩ ቀረብ ብላ ነው መሰለኝ ከሁሉም ይልቅ ጎልታ ትሰማለች። እኔ ልሳል ቲቸር አለች፤ መልስ ስታጣ «ማናት እሷ?» ብላ ጠየቀች። ፊቷን አላየሁም፣ ስሟንም አላውቅም። ድምፁን ግን አወቅኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ የእኔ ድምፅ ነበር።

«ዝም በይ» አለቻት ቲቸር አሪየት። «እየነገረችኝ ነው። ቤቲ፣ ቀጥዪ።»

የቀረው በሳይቤሪያ በኩል ያለው ዳርቻ ነው። እሱን ከሚያስፈልገው በላይ ዝግ ብዬ ነገርኳት።